የጃናካ ቀርከሃ

ጋኖሩዋ፣ የግንቦት ሙሉ ጨረቃ ማግስት

ውድ እህቴ ማኔል፣

የሦስቱ ቅዱሳን ዕንቁዎች ጥላ ካንቺም፣ ከምታስታምሚያት ከሲኞራ ኢዳም አይለይ። መልሴ የዘገየው ተቀይሜሽ አይደለም። ለቬሳክ በዓል ነጭ ልብስ ያላሰፋ ሰው ስላልነበረ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ያልኩት ገና ትናንት ነው።

አዎ፣ ቀርከሃው አለ። ይህን ሳታውቂ ሌላውን እንደማታነቢልኝ ስለማውቅ አስቀደምኩት። ትናንት እማዬ ከቤተ መቅደስ ወጥታ፣ እንደ ልማዷ ነጭ ልብሷን ሳትቀይር፣ ወንዙን ተሻግራ ወደ ዕፅዋቱ መናፈሻ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። በዘንባባው መንገድ ጃንጥላ ዘርግተው ከሥሩ የተቃቀፉት ፍቅረኞች ከዛፎቹ ይበዛሉ። ዘበኛው ኪሪ ባንዳ እነሱን በፊሽካ ሲያባርር ቆይቶ እማዬን ሲያይ ፊሽካውን ከአፉ ያወጣና «እማማ፣ ዛሬም ቀጠሮ አለዎት?» ይላታል። እሷም «ሰውየው ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ትለዋለች። በየወሩ ይህንኑ ይባባላሉ። ከዚያ ወንዙ ዳር ወዳለው ቀርከሃ ትሄዳለች፣ የጃናካ ስም ላይ መዳፏን ታሳርፋለች፣ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ወደ ቤት እንመለሳለን።

ኪሪ ባንዳ ያን ቀን እስካሁን እያነሳ ይስቃል። አንቺን ልንሸኝ አራታችን የሄድን ዕለት፣ ጃናካ የእማዬን የፀጉር ወስፌ ነጥቆ ግንዱ ላይ ስሙን ሲሞነጭር እሱ ፊሽካ ቢነፋበት፣ ወታደር የሚያህል ሰው ዘሎ ከቀሚስሽ ጀርባ መደበቁን አይረሳውም።

ባለፈው የጻፍኩልሽ እንዳስቆጣሽ ገብቶኛል፤ ይቅርታ። ግን ልደግመው ነው። ወንድማችን ጃናካ በሰሜኑ ጦር ሜዳ የገባበት አልታወቀም ከተባለ ሦስት ዓመት አለፈ። ሬሳ አልመጣልንም፣ በመንገዳችን የሐዘኑን ነጭ ባንዲራ አልሰቀልንለትም፣ መነኮሳቱን ጋብዘን፣ ለሙት የሚፈሰውን ውሃ አፍስሰን ተዝካሩን አላወጣንለትም። በሕልሜ እየመጣ ውሃ ስጪኝ ይለኛል። ስቀዳለት እነቃለሁ። በሕልም ውሃ የሚለምነው ተዝካር ያልወጣለት ሙት መሆኑን ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። እማዬን ብጠይቃት «ልጄ ሲመጣ ምን ልለው ነው?» አለችኝ። አንቺ ብትጽፊላት እሺ ትል ይሆናል።

እህትሽ ኢንድራኒ

ቬሮና፣ ሰኔ 9

እትዬ ኢንድራኒ፣

አልጽፍላትም። አንቺም እንዳትደግሚው። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት በሩን ከውስጥ መቀርቀር ነው፤ መጥቶ ቢያንኳኳ ማን ሊከፍትለት ነው? ሬሳውን ያየ ሰው አለ? የለም። እኔ በመጨረሻ ያየሁት ቀሚሴን ይዞ ሲስቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላየሁም፣ አላምንምም። ሕልምሽን በተመለከተ፣ ማታ ማታ ደረቅ ዓሣ በልተሽ ስለምትተኚ ነው። የተጠማሽው አንቺ ነሽ።

ስለ አነጋገሬ ይቅርታ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ከሰው አገር ሆኜ የምቆጣው ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም።

ሲኞራ ኢዳ ደህና ናት፤ ማለት ሰውነቷ ደህና ነው። ማታ የነገርኳትን ጠዋት አታውቀውም። በየቀኑ ማን ነሽ ትለኛለች፣ በየቀኑ እንተዋወቃለን፣ በየቀኑ ስምሽ ያምራል ትለኛለች። ከሰው ሁሉ በላይ ያመሰገነችኝ እሷ ሳትሆን አትቀርም። የመኖሪያ ወረቀቴ ከብርዱ በፊት ይወጣል ብለውኛል። እሱ ሳይወጣ አገሩን ለቅቄ ከሄድኩ ግን መመለስ የለም፤ የእስከዛሬ ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ናፍቆቴን ዋጥ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

ስለ እማዬ ያን ሁሉ ጻፍሽ፣ ስለ ጤናዋ ግን አንድ ቃል የለም። ለምን? ቤታችን ነርስ ትመላለሳለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ታናሽሽ ማኔል

ጋኖሩዋ፣ ሐምሌ 20

ውድ ማኔል፣

ደረቅ ዓሣውን ትቼልሻለሁ። ሕልሙ ግን አልተወኝም። ቢሆንም ተዝካሩን ከእንግዲህ አላነሳብሽም። አንቺም እማዬም እየጠበቃችሁት እኔ ብቻዬን ገዳዩ መሰልኩ።

እማዬ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። ድልድዩን በእግር መሻገር ሰልችቷት አሁን በባጃጅ ነው የምትሄደው፤ ምቾት ለምዳለች በይ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። የጃናካ ግንድ ደርቋል። እዚያ ያለው ቀርከሃ ዕድሜው ሲደርስ ይነጣል፣ የነጣውን ደግሞ ነፋስ ሰው ላይ እንዳይጥለው ይቆርጡታል። ኪሪ ባንዳ በጆሮዬ ሊነግረኝ ነበር ያሰበው፣ እማዬ ግን ሰማችው። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ፣ አጠገቡ ያለውን አረንጓዴ ግንድ በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄኛውስ ይቆያል?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔንና እርስዎን ይቀብራል» አላት።

«ጥሩ ነው» አለች። ስንመለስ በባጃጁ ውስጥ ስለ ጎረቤታችን ውሻ ጩኸት ስታማርረኝ መጣች።

ስለ ነርሷ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ። ማን እንደነገረሽ ግን ባውቅ ደስ ይለኛል። በዚህ ሰፈር አፉን የሚዘጋ ሰው ጠፋ።

ኢንድራኒ

ጋኖሩዋ፣ ነሐሴ 11

ማኔል፣ ማኔልዬ፣

ሰላምታዬን ቆይተሽ ትቀበይኛለሽ። ባለፈው ሳምንት የጃናካን ግንድ ቆረጡት። እማዬ በድንገት እንዳታየው ብዬ ዛሬ ቤት ትቻት ብቻዬን ሄድኩ። ጉቶውን አይቼ፣ አልቅሼ ወጥቶልኝ፣ የምነግራትን አሰናድቼ ልመለስ ነበር። ጉቶውን አየሁት። ከጉቶው አጠገብ ባለው አረንጓዴ ግንድ ላይ ግን ስሙ ተጽፏል። አዲስ ጽሕፈት ነው፣ ጭረቱ ገና ነጭ ነው። እጁ ነው ማኔል። የመጨረሻውን ፊደል ጭራ እንዴት አዙሮ ወደ ላይ እንደሚመልሰው ታውቂያለሽ። በጣቴ ተከተልኩት፣ ያው ራሱ ነው።

ሰው እያየኝ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሞቷል ብዬ ስከራከርሽ የኖርኩት እኔ ነኝ! ምናልባት ቆስሎ፣ ፊቱ ተበላሽቶ፣ ቤት መግባት አፍሮ ይሆናል። ምናልባት እማዬን ከሩቅ ሆኖ ያያት ይሆናል። ኪሪ ባንዳን ማን እንደጻፈው ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «እኔ ዋርካውን ሳይ ነበር» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃለት።

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ልቧ አይችለውም ብዬ ነው። አዎ፣ ልቧ ነው፣ ጉንፋን አልነበረም። ነርሷ በየሳምንቱ ትመጣለች። ሐኪሙ ድንጋጤም ደስታም አይብዛባት ብሏል። ስደብቅሽ ለከረምኩት ይቅር በይኝ፤ ጃናካ ሲመጣ እሱም ያማልደኛል።

ኢንድራኒ

ቬሮና፣ ነሐሴ 26

እትዬ፣

አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ?

ስለ እማዬ ልብ መደበቅሽን ዛሬ አልቆጣበትም፤ መጥቼ በአካል እቆጣሻለሁ። አዎ፣ እመጣለሁ። ወረቀቱ ገደል ይግባ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ወደ ሙዲያንሴ ሱቅ መደወሌ አይቀርም፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ደቅኖ ስለሚሰማ ዋናው ነገር እዚህ ይጻፍ። እስክመጣ በየቀኑ እየሄድሽ ጠብቂው። ካየሽው እንዳትጮኺበት፣ ይሸሻል። ቀስ ብለሽ አጠገቡ ቁጭ በይ፤ ማኔል እየመጣች ነው በይው።

ሰማያዊ ሸሚዝ ገዝቼለታለሁ። ከስቶ ይሆናል ብዬ አነስ ያለውን ወሰድኩ።

ለሲኞራ ኢዳ ወንድሜ ተገኘ ስላት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። በማግስቱ ደግሜ ነገርኳት፣ ልክ እንደ አዲስ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ደስታ በየጠዋቱ ትኩሱን ስለምታገኝ ቀናሁባት።

ማኔል

ጋኖሩዋ፣ መስከረም 6

ማኔል፣ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አታንብቢው። ሲኞራ ኢዳም ብትሆን ከጎንሽ ትቀመጥና ከዚያ ቀጥይ። እማዬ ናት እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ያለችኝ።

ስልክሽ በመጣ ሰዓት እኔ ገበያ ነበርኩ። ሙዲያንሴ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ምሥጢር በሆዱ አያድርም። ከደስታሽ ብዛት ያመለጠሽን ይዞ፣ ማኔል ልትመጣ ነው፣ ወንድሟ ተገኝቷል እያለ ለሩዝ ገዢውም ለሳሙና ገዢውም ሲያወራ ዋለ። ስመለስ እማዬ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሩዝ ታበጥራለች።

«ማኔል ለምንድነው የምትመጣው?» አለችኝ።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። እየፈራሁ፣ ቃል እየመረጥኩ፣ ስለ አዲሱ ግንድና ስለ ስሙ ነገርኳት። ስትወድቅ ልይዛት እጄን አሰናድቼ ነበር። እሷ ግን ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ፣ ወስፌዋን ከፀጉሯ ነቅላ አሳየችኝ። ጫፉ ጎብጧል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

እጁ ነው እኮ፣ በጣቴ ተከትዬዋለሁ አልኳት።

«እጁ የኔ እጅ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ አሸዋ ላይ ጣቱን ይዤ። የዚያን ፊደል ጭራ ወደ ላይ መመለስ ከኔ ነው የተማረው፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ።»

ጉዳዩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ ቤተ መቅደስ ስጠርግ በዋልኩበት ቀን ብቻዋን በባጃጅ ሄዳ ነው የጻፈችው። ልጄ መቃብር የለውም፣ አለች፤ ያ ግንድ ከተቆረጠ በዚህ ዓለም ላይ ስሙ የሚነበብበት አንድም ቦታ አይኖርም። እናንተም ስሙን ስትጠሩ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ማኔል። ጠየቅኳት።

«ታዲያ እንደሞተ ታውቂያለሽ?»

«የወለድኩት እኔ ነኝ። ወሬው ከመጣበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ተዝካሩን ለምን ከለከልሽኝ አልኳት። ልቆጣ ነበር፣ ቁጣው ግን አልመጣልኝም።

«ለማኔል ብዬ ነዋ» አለች። «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት። መርዶ ሲነገራት ማን ይይዛታል? ወረቀቷን ይዛ ትምጣና እዚህ በመካከላችን ተቀምጣ ትስማ፤ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ይቆይላት አልኩ።»

ስሚኝ እህቴ። አንቺ ተስፋ አልቆርጥም ብለሽ፣ እማዬ ላንቺ ብላ፣ እኔ በመሃል ሞኝ ሆኜ ሦስት ዓመት አለፈ። አሁን ያንን ወስፌ ይዤ ተቀምጫለሁ። ያልሞተ መስሎኝ የተደሰትኩባቸውን ቀናት ማን ይመልስልኝ? ከመጀመሪያው መርዶ ይልቅ ይሄኛው ጎዳኝ።

እማዬ ትእዛዝ ልካለች፣ ቃል በቃል ይኸው፦ «በሞተው ልጄ ምክንያት በሕይወት ያለችውን ሜዳ ላይ አልጥልም። ወረቀቷን ሳትይዝ ከመጣች በሩን አልከፍትላትም።» እንደማታደርገው አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ግን እንድትፈሪ ነው ያለችው፣ ፍሪላት።

ተዝካሩ በጥቅምት ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ረፋድ ላይ። እዚያ ገና ንጋት ይሆናል።

ኢንድራኒ

ቬሮና፣ መስከረም 24

እትዬ፣

እንዳልሽው ብቻዬን አላነበብኩትም። ሲኞራ ኢዳን ሶፋው ላይ አስቀምጬ እጇን ይዤ አነበብኩት። ቋንቋችንን አታውቅም፤ ፀጉሬን ስትደባብሰኝ ቆየች። በማግስቱ ዓይንሽ ለምን አበጠ አለችኝ። ሽንኩርት ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች፣ በየጠዋቱ ሌላ ሰበብ እፈጥርላታለሁ፦ ጉንፋን፣ የጥርስ ሕመም፣ ደግሞ ሽንኩርት። «ሞተ» የምትለዋን ቃል በሷም ቋንቋ በኛም ቋንቋ ከአፌ አላወጣኋትም።

አልመጣም። ለእማዬ ንገሪያት፣ ፈርቻለሁ በያት። ለኔ ብላ ስታስመስል መኖሯን ሳስብ ግን ቤቱ ይጠበኛል። እሷን ባሰብኩ ቁጥር ወስፌዋ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

አሁን እኔም ልንገርሽ። እዚህ አገር ደረቅ ዓሣ አልበላም፣ እትዬ። ወደ እኔም ይመጣል። ወሬው ከተሰማበት ጊዜ አንስቶ በየሌሊቱ ማለት ይቻላል። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆምና «ማኔል፣ ውሃ» ይለኛል። አንቺ ሳትሰጪው ትነቂያለሽ፤ እኔ ግን እሰጠዋለሁ። ብርጭቆውን ጨርሶ «ጨምሪልኝ» ይላል። እጨምርለታለሁ፣ አይረካም። ያን ጊዜ አንቺን እያማን እንስቃለን። ማን ውሃ እንደሚለምን አውቄ፣ አላውቅም አልኩሽ። ተዝካሩ ከወጣለት ይረካል፤ ከረካ ደግሞ ለምን ይመጣል? እናንተ እርስ በርስ አላችሁ። እኔ ያለኝ እሱ ነበር፣ ስለዚህ አስጠማሁት።

ከእንግዲህ አልከለክልም። እናንተ ውሃውን ስታፈሱ እኔም እዚህ አፈሳለሁ። የለጋ ጃክፍሩት ወጡን በኮኮናት ወተት አወፍሪለት፣ ቀጭን አይወድም።

ማኔል

ጋኖሩዋ፣ ከጥቅምት ሙሉ ጨረቃ በኋላ

ውድ ማኔል፣

ለደበቅሽኝ ሕልም ይቅርታ አትጠይቂኝ። እኔ ሳልሰጠው ስነቃ፣ ቢያንስ ካንቺ ዘንድ ይጠጣ እንደነበር ማወቄ ደስ አለኝ። ስለ ምን ታሙኝ እንደነበር ግን አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ።

ተዝካሩ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ ነጭ ባንዲራ ሰቀልን። ጎረቤቶች ዘገያችሁ አላሉንም፣ ድስትና ምንጣፋቸውን ይዘው መጡ። ወጡ ወፍራም ነበር። ውሃ የማፍሰሱ ጊዜ ሲደርስ እማዬ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። እኔ በቀኝ ክንዷን ያዝኩ፣ ዘመዶች ደግሞ እኔን። በግራዋ ሊይዛት የመጣውን አጎታችንን «እዚህ ማኔል አለች» ብላ ከለከለችው። መነኮሳቱ እያነበቡ፣ ውሃው ከጽዋው ሞልቶ ሳህኑ ላይ እስኪፈስ ድረስ ግራዋ ባዶውን ቆየ። ያለቀሰችው ሁሉም ነገር አልቆ ድስት ስናጥብ ነው፤ አለቃቀሷን አልጽፍልሽም።

ኪሪ ባንዳም ንጹሕ ሳሮንግ ለብሶ መጥቶ ነበር። እማዬ ስትጽፍ አይቷታል፤ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ዋርካው እያየ እንድትጨርስ ጠብቋታል። «ሕግ ሕግ ነው፣ ግን እማማን በየትኛው ፊሽካ ልንፋባቸው?» አለኝ።

በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ሄደን እናነበዋለን። አሁን ድምፃችንን ዝቅ ሳናደርግ ነው።

ኢንድራኒ

ቬሮና፣ ጥቅምት 22

እትዬ፣

እኔም አፈሰስኩ። ጎህ ሲቀድ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያ ወደ ስኒ። መነኩሴ የለ፣ ጸሎቱንም ግማሹን ረስቼዋለሁ። የያዘኝ ሰው ግን አልጠፋም፤ ሲኞራ ኢዳ በሌሊት ልብሷ መጥታ፣ ምን እንደምሠራ ሳትጠይቅ፣ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዛኝ ቆመች። ስኒው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ፤ እንደዚያ ሳደርግ ነው የኖርኩት። ሸሚዙንም ወንበሩ ላይ ዘረጋሁለት። አልመጣም። ጠዋት ስነቃ ብርጭቆው እንደሞላ ነበር። ጠጥቶ ረክቷል ማለት ነው፣ ለዚህ ነው የለፋነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሲኞራ ኢዳ ቁርስ ላይ አየችኝና ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ። ሽንኩርት ልላት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም።

«ወንድሜ ሞተ» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀምጣ እጄን ያዘች።

«መቼ?» አለችኝ።

«ትናንት ማታ» አልኳት።

ማኔል